ፍጻሜ ስለሌለው ሩጫ

ጨዋታ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሰው ለሥራ እንደ ተፈጠረ ዕረፍትም ታዝዞለታልና፥ የደከመ ሕሊናን የሚያሳርፍ ጨዋታ የዕረፍት ወገን ነው። እኛ ዛሬ የምንመረምረው ግን ሌላ ነው። ማብቂያው ሆን ተብሎ የተወሰደበት ጨዋታ ዕረፍት ሊባል ይችላልን? ተጠያቂውስ ተጫዋቹ ነው ወይስ ሠሪው?

በእጅ ስልክ ከሚገኙት ጨዋታዎች አንዱ ወገን ማለቂያ የሌለው ሩጫ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው ቴምፕል ረን፥ በ2012 ዓ.ም. በዴንማርክ የተሠራውም ሰብዌይ ሰርፈርስ በዓለም የታወቁ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠቢባኑ ረጅም መንገድ አይሠሩም፤ ጥቂት የመንገድ ቁራጮችን ያዘጋጃሉ እንጂ። ሯጩ ሲቀርብ መሣሪያው አንዱን ቁራጭ ዕጣ እንደሚያወጣ መርጦ በፊቱ ያነጥፋል፤ ያለፈውንም ከኋላው አንሥቶ እንደ ገና ወደ ፊት ያመጣዋል። ፍጥነቱም ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ የሰው እጅ ግን ወሰን አለውና በመጨረሻ ይሳሳታል። ስለዚህ በዚህ ሩጫ የሚወድቅ እንጂ የሚደርስ የለም። ለወደቀውም በብዙዎቹ ዘንድ፥ ማስታወቂያ ቢመለከት ወይም ቢከፍል ከወደቀበት እንደሚነሣ ይነገረዋል። ተጫዋቹ በቈየ መጠን የሠሪው ገቢ ይጨምራልና።

በአገራችንም አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለ ጨዋታ ሠርቷል፤ ዶሮ ከሚያሳድዳት ገበሬ የምትሸሽበት ሩጫ ነው። የአገርን ወግ በገዛ እጅ መሥራት የሚመሰገን ጥበብ ነውና ነቀፋ አናቀርብም። ነገር ግን ስሞቹ ራሳቸው ያስተምሩናል። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ ኩኩሉ ሲል፥ የሚደበቁት አልነጋም ይሉታል፤ በመጨረሻ ግን ይነጋል። ቅኔም ልክ አለው፤ ጉባኤ ቃና በ2 ቤት ይፈጸማል። ዶሮም የሚጮኸው ንጋትን ሊያበሥር እንጂ ሌሊቱን ሊያረዝም አይደለም፤ ጴጥሮስን ወደ ንስሓ የመለሰው ይህ ድምፅ ነበርና።

ማንም ስላላስገደደው ተጫዋቹ ስልኩን ይዝጋ የሚል አይታጣም። ነፃ ፈቃድ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ጉድጓድ ቈፍሮ ሳይከድነው የተወ ሰው፥ በሬ ቢወድቅበት እንዲከፍል ኦሪት ታዝዛለች። በሬው በገዛ እግሩ መሄዱ ቈፋሪውን ነጻ አላወጣውም። ዶንግ ንጉየን የተባለው የቬትናም ሰው ይህን የተረዳ ይመስላል። ወፍ በቧንቧዎች መካከል ያለ ማቋረጥ የምትበርበትን ፍላፒ በርድ የተባለ ጨዋታ ሠርቶ ብዙ ገንዘብ ሲያስገባለት፥ ሰዎችን ሱስ አስያዘ ብሎ በ2014 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር በገዛ ፈቃዱ ከገበያ አነሣው። ጉድጓዱን ከደነ ማለት ነው።

ነገሩ ለከተማ ብቻ የሚነገር አይደለም። በይፋት ቆላ፥ በማጀቴና በሸዋ ሮቢት አገር፥ ማሽላ ሲያፈራ ጠባቂው ከማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ያባርራል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ነገር ግን አጨዳ ሲደርስ ያበቃል፥ ጠባቂውም ከማማው ይወርዳል። ያ ወጣት ስልክ ይዞ ወጥቶ ዐይኑ ከማያልቀው መንገድ ላይ ቢቀር ወፉ ማሽላውን ይጨርሰዋል። ጥፋቱ የወጣቱ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ሊጠብቅበት የሚገባውን ዐይኑን ሌላ ሰው አስቀድሞ አጭዶበታልና።

ስለዚህ የንስሓ አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችንን ምን ትጫወታላችሁ ብለን ከመገሠጽ ይልቅ፥ ጨዋታውን የሚያቆመው ማን ነው ብለን እንጠይቃቸው። ወላጆች ልጁ ሳይጀምር ማብቂያውን ይወስኑለት። በዚህ ሙያ የተሰማሩ ወጣቶችም በሚሠሩት ሁሉ ነጋ የሚል ድምፅ ያኑሩበት። ቅዱስ ጳውሎስ አክሊልን ተስፋ ያደረገው ሩጫውን በመፈጸሙ ነው። ሩጫችንን ለመፈጸም እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።