«አቦ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

 

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትጨርሱ ወደፊት ግለጡና ሱረቱል ሑጁራትንም አንብቡ። 18 አንቀጽ ብቻ ናት። 11ኛው ላይ ስትደርሱ ግን አትቸኩሉ። አላህ (ሱ.ወ) እዚያ ወንዶች በወንዶች፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ ይከለክላል፤ የተሳለቁበት ሰው ከእነሱ የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ሰውን በሚጠላው ቅጽል ስም መጥራትንም ያወግዛል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ድሬ ላይ ቅጽል ስም የሌለው ማን አለ? ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ሰው በመዝገብ ስሙ ሳይሆን በወጣለት ስም ነው የሚፈለገው። «ፍቅር ነው» እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። የከተማችንን ጨዋታ ላጠፋ አልመጣሁም፤ ብሞክርም የሚሰማኝ የለም። ግን የሃምሳ ዓመት ሰው ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ላይ ተቀምጦ የሚስቅበት ስም አንድ ነገር ነው። የ11 ዓመት ልጅ በየማለዳው የትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚጠብቀው ስም ሌላ ነገር ነው። ስለሚንተባተብ የወጣለት ስም። እናቱ ጉልት ላይ ስለምትሸጠው ነገር የወጣለት ስም። በቤቱ ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ እየተናገረ አድጎ አማርኛው ስለተሰባበረ የወጣለት ስም። ይህ ልጅ ሲያለቅስ የሚሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «አቦ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

ይህን ጉዳይ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ ሰዎች አሉ። ዳን ኦልቬውስ የሚባል ስዊድን ውስጥ የተወለደ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጥናቱን ሲጀምር፣ ብዙ ሰው ነገሩን የልጆች ጨዋታ አድርጎ ነበር የሚያየው። በ1982 መጨረሻ ኖርዌይ ውስጥ ሦስት ታዳጊ ወንዶች ሕይወታቸውን አጠፉ፤ ምክንያቱም የእኩዮቻቸው ጥቃት እንደነበር ታመነ። ያኔ አገሪቱ ነቃች። በ1983 አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ፣ ኦልቬውስም በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች ወደ 2,500 ተማሪዎችን እየተከታተለ መከላከያ መንገዱን ሞከረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቃቱ ወደ ግማሽ ገደማ መቀነሱን ዘገበ።

እሱ ያስቀመጠው መለኪያ ለእኛም ይጠቅማል። ጉልበተኝነት የሚባለው ሆን ተብሎ የሚደረግ፣ የሚደጋገም፣ ተጠቂው ደግሞ ራሱን መከላከል የሚያቅተው ሲሆን ነው። ሁለት እኩል ልጆች ኳስ ሜዳ ላይ ቢደባደቡ ጠብ ነው። አምስት ሆነው አንዱን በየቀኑ «ሙድ ቢይዙበት» ግን ጠብ አይደለም፣ ዙልም ነው።

(«የፈረንጅ ጥናት ምን ያደርግልናል?» ለሚለኝ ወንድሜ፦ ኢማሙል ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል። የልጅን ሕይወት የሚያተርፍ እውቀት ከዚያ መደብ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም።)

ስለ «ቀልድ» ደግሞ ዲናችን አስቀድሞ ተናግሯል። ሰሓቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እየተጓዙ ሳለ አንዱን እንቅልፍ ወሰደው። አንዳንዶቹ ሄደው አብሮት የነበረውን ገመድ ወሰዱ፣ ሰውየውም ደነገጠ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ያኔ ነቢያችን ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ተናገሩ። ልብ በሉ፤ የተወሰደው ገመድ ብቻ ነው፣ የተመታ ሰው የለም። መለኪያው የአድራጊው ሐሳብ ሳይሆን የተደረገበት ሰው ድንጋጤ ነበር።

በሰው አካል መሳቅስ? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የ144 አገሮችን መረጃ ሰብስቦ ባወጣው ዘገባ፣ ከሦስት ተማሪዎች አንድ የሚጠጋው በአንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ ተጠቅቷል። ልጆቹ በብዛት የጠቀሱት ምክንያት መልካቸውንና ሰውነታቸውን ነው። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ዛፍ ላይ ሳሉ ሰሓቦች በእግራቸው ቅጥነት ሳቁ። ነቢዩ ለምን እንደሚስቁ ጠየቁ። ሲነግሯቸው፣ እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። ኡስታዞች ሆይ፣ ይህን ሐዲሥ ስለ ኢብኑ መስዑድ ደረጃ ስንናገር እንጠቅሰዋለን፤ ስለ ሳቁት ሰዎች ግን ዝም ብለን እናልፋለን።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነጥብ ልምጣ። ካናዳ ውስጥ እነ ዴብራ ፔፕለር የልጆችን መጫወቻ ሜዳ በካሜራና በድምፅ መቅረጫ ተከታተሉ። በ2001 ባወጡት ጥናት ከ100 ጥቃቶች በ88ቱ ሌሎች ልጆች ቆመው ያዩ ነበር። ጣልቃ የገቡት በ19ኙ ብቻ ነው። ጣልቃ ከተገባባቸው መካከል ግን 57 ከመቶው ላይ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆመ። በ10 ሰከንድ! ፊንላንድ ውስጥም ክርስቲና ሳልሚቫሊ የምትባል ተመራማሪ ጉልቤው ብቻውን እንደማይሠራ አሳየች፤ የሚያግዘው አለ፣ የሚስቅለት አለ፣ አይቶ የሚያልፍ አለ፣ ለተጠቂው የሚቆምም አለ። የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ኪቫ የተባለው ፕሮግራም የተገነባው በዚህ ላይ ነው፤ ዋና ትኩረቱ ተመልካቹ ላይ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወንድምህን በዳይም ሆነ ተበዳይ ሆኖ እርዳው ሲሉ፣ ሰሓቦች ተበዳዩን መርዳቱ ገባቸው፣ በዳዩን ግን እንዴት ብለው ጠየቁ። መልሱ ከበደል እጁን መያዝ ነው የሚል ነበር። እንግዲህ ልጃችሁ ባይመታም፣ ባይሳደብም፣ ቆመው ከሚያዩት ውስጥ ሆኖ ከሳቀ፣ ለጓደኛው ለጉልቤውም አልደረሰለትም ማለት ነው።

ጉልቤውንም ቢሆን «ክፉ ዘር» ብለን አንጣለው። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ አነወሩት፤ በአንዳንድ ዘገባዎች ሰውየው የእኛው ቢላል (ረ.ዐ) ናቸው። ነቢዩ በአቡ ዘር ውስጥ የጃሂሊያ ቅሪት እንዳለ በግልጽ ነገሯቸው። ተግባሩ ሳይድበሰበስ ተወገዘ፣ ሰውየው ግን አልተባረሩም። በኋላ የሚያገለግላቸውን ሰው ራሳቸው የለበሱትን ዓይነት አልብሰው ታዩ።

ትምህርት ቤት ውስጥ የተለመደ አንድ ስህተት አለ። ርእሰ መምህሩ ሁለቱን ልጆች ቢሮ ያስገባና «በሉ ተጨባበጡ፣ ታረቁ» ይላል። ሁለቱም ይጨባበጣሉ። ተጠቂው ሲወጣ ደረጃው ላይ ይጠበቃል። ባለሙያዎቹ ጉልበታቸው እኩል ያልሆኑ ልጆችን እንደ ሁለት ተጣዪ አድርጎ ማስታረቅ ተጠቂውን ይጎዳል የሚሉት ለዚህ ነው። ያችው ሱረቱል ሑጁራት 9ኛው አንቀጽ ላይ ስለሚዋጉ ሁለት ወገኖች ስትናገር ቅደም ተከተሉን አስቀምጣልናለች፦ አንዱ ወሰን ካለፈ መጀመሪያ እሱ ይቁም፤ እርቁ ከዚያ ይመጣል፣ ያውም በፍትሕ። እኛ ግን ማስቆሙን ዘለን እርቁን እናስቀድማለን።

ቤት ውስጥ ደግሞ «ሶብር አድርግ» እንላለን። ሶብር ታላቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን አንተ አባት ሆነህ ማስቆም የምትችለውን በደል ልጅህ እንዲታገሰው ስታዝዘው የራስህን ሥራ በእሱ ትከሻ ላይ እየጫንክ ነው። «መልሰህ ምታው» የሚለውም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ መመለስ ቢችል ኖሮ መጀመሪያውኑ አይመርጡትም ነበር።

«ሲያድግ ይረሳዋል» ለሚሉም ከአገራችን የመጣ መረጃ አለ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ለዓመታት ተከታትሏል፤ እኛ ጋ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ፤ ድሬ የለችበትም። በ15 ዓመታቸው በእኩዮቻቸው የተጠቁትን በ19 ዓመታቸው ሲያዩዋቸው ቁስሉ አልጠፋም፤ መልኩ ከአገር አገር ቢለያይም ስለ ራሳቸው ባላቸው ግምትና ከሰው ጋር ባላቸው ግንኙነት ላይ ይታይ ነበር። የድሃ ልጅ ይበልጥ እንደሚጠቃም አሳይቷል። የተቀደደ ጫማ ላይ የሚሳቀው ሳቅ እንዲህ ዕድሜ አለው።

ስለ መድረሳ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ እኛ ሲመጣ አማን ማግኘት ነበረበት። አንዳንዱ ግን ሐርፍ ሲሳሳት «ደደብ» የሚለው ኡስታዙ ራሱ ነው፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ስሙን ይይዝለታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሚንከባከቧቸው ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ እንዲጠበቁ ደንግጓል። መድረሳችን ከዚህ ውጭ ነው የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

መድረሳ ወይም ትምህርት ቤት ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኦልቬውስ ልጆች ለአዋቂ እንደማይናገሩ ስለሚያውቅ ስም ሳያስጽፍ በመጠይቅ ነበር የሚጠይቃቸው። እናንተም በዚህ ሳምንት ለእያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ወረቀት ስጡ። ስም አይጻፍ። ጥያቄው ሁለት ይሁን፦ በዚህ ወር ሰው ደጋግሞ አሳቅቆሃል ወይ? የትኛው ቦታ ላይ? መጻፍ ለሚከብዳቸው ትንንሾች ቦታዎቹን በሥዕል አስቀምጡና ምልክት ያድርጉ። ስትሰበስቡ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ለማወቅ አትሞክሩ። ቦታዎቹን ብቻ ቁጠሩ፤ ሽንት ቤቱ ይሁን፣ የውሃ ቧንቧው ጋ ይሁን፣ ባጃጅ የሚቆምበት ጥግ ይሁን። በብዛት የተጻፈው ቦታ ላይ ከሰኞ ጀምሮ በእረፍት ሰዓትና በመውጫ ሰዓት አንድ ትልቅ ሰው ይቁም።