ጉድጓድ ሲናድ «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት ይገባልን?

የቀን ሠራተኛ በሚቆፍረው ቦይ ውስጥ ዐፈር ተንዶበት በሞተ ጊዜ፥ ለቅሶ የደረስን ሁላችን «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ኀዘንተኛውን ለማጽናናት ከሆነ ቃሉ ደግ ነው። አሠሪው ራሱን ለማጽናናት ሲናገረው ግን ልንመረምረው ይገባናል።

ሮቤና ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ሁለቱም በየጊዜው ሲሰፉ እናያለን፤ ለቤት መሠረት፥ ለውሃ ቧንቧም መሬት ይቆፈራል። በሮቤ ሜዳ ስንዴ የሚበቅልበት ጥቁር መረሬ በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ቀጥ ተደርጎ ሲቆረጥም እንደ ግንብ ይቆማል። ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው። ሲደርቅ ተሰነጣጥቋልና፥ በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣው ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ ዐፈሩ ያብጣል፥ ይከብዳል፥ በድንገትም ይናዳል። በአፋፉ ላይ የተቆለለው ዐፈር ደግሞ ይጫነዋል። አንድ ሜትር ኩብ ዐፈር 15 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ ስንዴ የሚሸከም የሮቤ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ከላይ ቢታይ እንኳ መተንፈስ ይሳነዋል።

መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ አፋፉን አዘንብሎ መቁረጥ፥ ግድግዳውን በጣውላና በአግዳሚ እንጨት መደገፍ፥ የወጣውን ዐፈር አርቆ መድፋት፥ መውጫ መሰላል ማኖር። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሳይደረግ የሞተው ሰው ሞት የማን ነው?

በሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ጌታችን ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች አላላቸውም። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙን ከቤቱ ይፈልጋልና። እግዚአብሔር የሰውን ቀን ሲያውቅ፥ መከታውን ግን ከባለቤቱ ጠየቀ። የአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል።

«ወድዶ ወረደ እንጂ ማን አስገደደው?» የሚሉ አሉ። ልጆቹ ጦማቸውን ያደሩበት ሰው እምቢ ለማለት ምን ነጻነት አለው? ይልቅስ እኛን የሚያስጨንቀን የድኻዋ ባልቴት ነገር ነው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ያጠራቀመችው ገንዘብ ለቆፋሪው እንጂ ለጣውላው አይበቃም። እርሷን እንደ ባለ ፎቁ አንከስሳትም፤ ጎረቤት እንጨቱን ያውሳት እንላለን። ነገር ግን ያለ ድጋፍ ታውርደው ለማለት አንደፍርም።

በጉድጓዱ ውስጥ ያለው አጎንብሶ ዶማውን ያያል። ስንጥቁ አስቀድሞ የሚታየው ከላይ በአፋፉ ለቆመው ነው።