ባትሪው የት አደረ?

አንድ ሾፌር ነበረ፤ በታኅሣሥ የገና ሰንጋ ሊጭን እነዋሪ ወጣ። እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በጅሩ መረሬ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ቀን ፀሐዩ ይለበልባል። ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል ግን ምድሩ የቀኑን ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ይለቀውና፣ ጎህ ሳይቀድ ሣሩ በውርጭ ይነጣል። የጅሩ ገበሬ ሰንጋውን ለወራት አስሮ እየቀለበ የሚያደልበው ለበዓል ገበያ ስለሆነ፣ ብርዱ የሚጠናበትና መኪና የሚፈለግበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማል።

ሾፌሩ አይሱዙውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሌሎቹ ጠዋት ሰው ለምነው ሲያስገፉ የእሱ መኪና በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች። ሥራውን የሚጨርሰው ማታ ነው። ነፋሱን በሚከልል ግንብ ሥር፣ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ያቆማታል። የራዲያተሩን ፊት የመንዝ ባና ያለብሰዋል። ባትሪዎቹን ያስፈታና አልጋ ወደያዘበት ክፍል ያስገባቸዋል፤ ባትሪ ሲበርደው ጉልበቱ እንደሚከዳው፣ ዘይቱም በዚያው ሰዓት ወፍሮ ሞተሩን ለማዞር የባሰ ጉልበት እንደሚጠይቅ ያውቃልና።

ረዳቱ ከሸዋ ሮቢት፣ ከቆላው፣ የመጣ ልጅ ነበር፤ ሥራውን ከጀመረ ሳምንት አልሞላውም። ባትሪዎቹን ፈትቶ፣ ተሸክሞ ክፍሉ ያገባው እሱ ነው። ከዚያ ወጥቶ ጋቢና ውስጥ ተኛ፤ መኪናዋ ጠባቂ ያስፈልጋታል። የለበሰው አንድ ስስ ጃኬት ነበር።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሰንጋዎቹ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ሾፌሩ ልጁን ቀሰቀሰው፤ ባትሪዎቹ ወጥተው ታሰሩ። ቁልፉን ግማሽ አዙሮ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠበቀ፤ ከዚያ አስነሣው። ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሣ።

«እንግዲያው ወደ መጫኛው ጉብታ አስጠጋት» አሉ ሽማግሌው።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባባ» አለ ሾፌሩ። «የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው በሚያገኘው ትኩሳት ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። ብረቱ ከበረደ ያንን ትኩሳት ይወስድበታል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ዘይቱም ሌሊቱን ከታች ረግቶ ስላደረ፣ እላይ እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። አሁን ነዳጅ ብረግጥበት ዕድሜውን ነው የምቆርጠው። መጀመሪያ በሚኒሞ ይቆይ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሂድ። ጉልበት የምጠይቀው ሲሞቅ ነው።»

ሽማግሌው ሰምተው ደስ አላቸው። ከብት አሳድገዋልና እንዲህ ያለ ሰው ያውቃሉ።

በዚህ መሀል ልጁ ከኋላ ስፖንዳውን ለመክፈት ይታገል ነበር። መቀርቀሪያው እንደ ምንም ተከፈተ። ቀጥሎ የትልቁን ሰንጋ ገመድ እንዲይዝ ታዘዘ። ጣቶቹ ደንዝዘው ገመዱን መጨበጣቸውንም አላወቁትም፤ ሰንጋው ራሱን ሲነቀንቅ ገመዱ ከእጁ ወጣ። ሰንጋው ሜዳውን ይዞ ሄደ። ሮጠው፣ ከብበው፣ እስኪመልሱት ድረስ ሾፌሩ ንዴቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ነበር።

«እጅ የለህም እንዴ፣ አንተ ልጅ! እንዲህ ከሆንክ እዚሁ ጥዬህ ነው የምሄደው!»

ሽማግሌው ሰንጋውን ራሳቸው አስረው ወደ ሾፌሩ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ባትሪው የት አደረ?»

«እኔ ዘንድ፣ መኝታ ክፍሌ።»

«ይኼ ልጅስ?»

«ጋቢና። እሱ ጠባቂ ነው። ደግሞ ሰው ነው፣ አባባ፣ ብረት አይደለም፤ ሲሠራ ይሞቃል።»

«ብረቱም ሲሠራ ነው የሚሞቀው፤ አሁን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ግን እሱን መጀመሪያ ያለ ጭነት አሠራኸው። ልጁን ከእንቅልፉ አንሥተህ ያስያዝከው ከሁሉ የከበደውን ነው።»

ሾፌሩ የሚመልሰው አጣ። ሄዶ ባናውን ከራዲያተሩ ላይ ገፈፈና ልጁን አለበሰው። «ጎማዎቹን እየዞርክ እይልኝ» አለው። «ስትጨርስ ሻይ ጠጥተህ ና፤ እስከዚያ ገመዱን እኔ እይዛለሁ።» ልጁ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታ ዞረ፣ ሻይ ጠጣ፣ እጁን አፍታታ። የሙቀቱ መርፌ ሲነሣ መኪናዋ ወደ ጉብታው ተጠጋች፤ ሰንጋዎቹን በየቦታቸው ያሰራቸው ልጁ ነው።

ይህን ሾፌር ክፉ ሰው አድርጌ አላየውም። ለብርድ የሚገባውን ግምት የሰጠ፣ ትዕግሥትን በሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያሳስበኝም ያንኑ ዕውቀት በእጁ ይዞ አጠገቡ ላለው ሰው አለማድረሱ ነው። በሩሲያዋ ያኩቲያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሲደርስ ሾፌሮች ሌሊቱን ሙሉ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ያድራሉ፤ ለዚያ የሚቃጠለውን ነዳጅ ከሥራው ወጪ ይቆጥሩታል። እኛ ግን አዲስ ሰው ሥራ የሚለምድበትን ሳምንት ከኪሳራ እንጽፈዋለን።

ደብረ ብርሃን ከተማ ላይም አዲስ ሰውን ሳይሞቅ ከባዱን ማስያዝ በየዓመቱ ይደጋገማል። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ቆላ ያደጉ ተማሪዎች ብርዱንና ትምህርቱን በአንድ ሳምንት ይቀበላሉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ከገጠር የወጡ ልጃገረዶች በማያውቁት ማሽን ፊት ተቀምጠዋል። በግጭት ከቀያቸው ተፈናቅለው ከተማዋ ውስጥ የተጠለሉም አሉ፤ እርሻ ያውቃሉ፣ የቀን ሥራ ግን አዲስ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ይረፉ፣ አይንኩ» ማለትም አያዋጣም፤ የጠፋ ሞተር አይሞቅም። ሽማግሌውም ልጁን ተመልሶ እንዲተኛ አላሉትም። የጠየቁት የሥራው ቅደም ተከተል እንዲስተካከል ነው፦ ጎማ ማየት ይቅደም፣ ሰንጋ መያዝ ይከተል። አንድ አለቃ ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያወጣም። ለአዲሱ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀን የሚሆን ቀላል ሥራ ከዋዜማው አስቦ ማደር ብቻ ይበቃዋል።

ገንዘብ የሚጠይቀው የአዳሩ ነገር ነው። በየታኅሣሡ ሰንጋ ለመጫን መኪና ወደ ጅሩ የሚልኩ ባለቤቶች፣ የአልጋ ሒሳብ ለሁለት ሰው ይያዙ፤ ለመኪናው ጥበቃ የአካባቢውን ዘበኛ ይቅጠሩ።