ያልተከሉትን ማጠር ይገባልን?

ሰው በእጁ ያልተከለውን ፍሬ «የግሌ ነው» ሊል ይችላልን? አንዲት የረግረግ ሐረግ ይህን ጥያቄ እንድንመረምር ታስገድደናለች።

ሐረጊቱ ከደቡብ ካናዳ እስከ ፍሎሪዳ በወንዝ ዳርና በእርጥብ ጫካ የምትበቅል፣ በሳይንስ ስሟ አፒዮስ አሜሪካና የምትባል ናት። ከባቄላ ወገን ስትሆን በአጠገቧ ባለው ቁጥቋጦ ላይ እየተጠመጠመች ትወጣለች፤ ከመሬት በታችም እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር የተደረደሩ፣ ድንች የሚመስሉ ሥሮች አሏት። በወለጋ ጓሮ አንጮቴ የሚተክሉ ወገኖቻችን፣ የተክሉ ዝርያ ሌላ ቢሆንም፣ ነገሩን ለመረዳት አይቸገሩም።

የአገሩ ተወላጆች ይህን ምግብ ከጥንት ጀምረው ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1620 በፕሊማውዝ የሰፈሩት እንግሊዛውያንም በመጀመሪያዎቹ የችግር ዓመታት ተመግበውታል። ይሁን እንጂ በ1654 በሎንግ አይላንድ የምትገኘው የሳውዝሃምፕተን ከተማ፣ ተወላጆቹ በእንግሊዛውያን መሬት ላይ ይህን ሥር እንዳይቆፍሩ ከለከለች፤ ቅጣትም ደነገገች።

ገበሬ የደከመበትን አዝመራ ሊጠብቅ ይገባዋልና አጥር በራሱ ክፉ ነው አንልም። ነገር ግን የድካምን ፍሬ የሚጠብቅ አጥርና ማንም ያልደከመበትን ስጦታ ከተራበ ሰው የሚከለክል አጥር አንድ አይደሉም። የፊተኛው ፍትሕ ነው፤ የኋለኛው ግን የፍትሕን ልብስ የለበሰ ንፍገት ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 የምድር ሀብት ለሰው ልጆች ሁሉ የተሰጠ መሆኑን ማስተማሩን እናስታውሳለን።

ዛሬ በዚያ አገር ይህችን ሐረግ በጓሮው የሚተክል ሰው በድካሙ ባለቤት ይሆናል፤ ነገር ግን ባለ ዕዳም ነው። ሥሩን ከዱር ከመንቀል ይልቅ ከችግኝ ሻጭ ይግዛ። እርጥበት የማይለየው አፈርና የምትወጣበትን ድጋፍ ይስጣት፤ ለምርቱም ሁለት ዓመት ያህል ይታገሥ፤ ሳያበስልም አይብላ። በምድር ውስጥ እየተስፋፋች አጥር ስለምታልፍ የጎረቤቱን መሬት እንዳትወርር ይቈጣጠራት። በቆፈረ ጊዜ ያካፍል፤ ተክሉን አስቀድመው ያወቁት እነማን እንደ ነበሩም ለልጆቹ ይንገር።

ምግቡን ካሳየን ሰው ተቀብለን እርሱን ከማዕድ ብናርቀው ምስጋናችን የአፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዳችን አጥራችንን ስንመለከት፣ የሚጠብቀው ድካማችንን ነው ወይስ ንፍገታችንን? ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።