ጥፋትን መተው ብቻውን ይበቃልን?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ባደረግነው ውይይት ላይ «ሰው ጥፋቱን ካቆመ ዕዳው ተከፈለ ማለት ነውን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቶ ነበር። እኛ የዋሂል ልጆች በጀሪካን ውሃ እየቀዳን ያደግን ስለሆንን፣ መልሱን ከሐይቆች ታሪክ ለመፈለግ ሞክረናል።

ለመሆኑ ሐይቅ ይሞታልን? አዎን፣ ይሞታል። በ20ኛው ምዕት ዓመት በኖርዌይ፣ በስዊድንና በካናዳ በሺህ የሚቆጠሩ ሐይቆች ዓሦቻቸውን አጥተዋል። ምክንያቱም ከድንጋይ ከሰልና ከማዕድን ማቅለጫዎች የሚወጣው የድኝ ጢስ ከዳመና ጋር ተዋሕዶ አሲድ እየሆነ መዝነቡ ነው። የውሃ አሲድነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ሲሆን 7 መካከለኛው ነው፤ ቁጥሩ በአንድ ዝቅ ባለ መጠን አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል፤ ከ5 በታች ሲወርድ የብዙ ዓሦች ዕንቁላል አይፈለፈልም። የሚያስደንቀው ግን እነዚያ ሐይቆች ከወትሮው ይልቅ ጥርት ብለው መታየታቸው ነው። ለተመልካች ንጹሕ መሰሉ፤ ዳሩ ግን የጠሩት ሕይወት ስለራቃቸው ነበር። ስለሆነም በውጭ ጠርቶ መታየት የጤንነት ምስክር አይደለም።

ታዲያ እንዴት አገገሙ? ስዊድን የኖራ ድንጋይ ዱቄት በሐይቆቿ ላይ አስበተነች፤ ውሃውም ተሻለው። ነገር ግን ጢሱ እስካልቆመ ድረስ አሲዱ ስለሚመለስ ኖራውን ደጋግሞ መበተን ግድ ሆነ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1979 በጄኔቫ አገሮች ድንበር ተሻጋሪውን የአየር ብክለት ለመቀነስ ተስማሙ። በካናዳ ሰድበሪ የኒኬልና የመዳብ ማቅለጫዎች የድኝ ጢስ ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ይሁን እንጂ ፈውሱ በማግሥቱ አልመጣም። የአሲዱ ዝናም ለብዙ ዓመታት ከአፈሩ ካልሲየም አጥቦ ወስዶ ነበርና፣ ጢሱ ከቀነሰም በኋላ ውሃው የሚሻሻለው በዝግታ ነው። ውሃው በዳነባቸውም ብዙ ቦታዎች ቢሆን ዘራቸው የጠፋ ዓሦች በራሳቸው አልተመለሱም፤ ሰው አምጥቶ ሊጨምራቸው አስፈልጓል።

የሩቁን ትተን ወደ ቅርባችን እንምጣ። ከድሬዳዋ ተነሥተን የደንገጎን ዳገት ወጥተን ወደ ሐረር ስንጓዝ የሐረማያ ሐይቅን እናገኛለን። ይህን ሐይቅ የጎዳው አሲድ አይደለም። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት ከእርሱ ጠጣች፤ ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት አጠጣበት፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የታጠበው ደለልም ሞላው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ጨርሶ ደረቀ፤ ዓሣ ይሰገርበት የነበረው ቦታ የከብት መዋያ ሆነ። ሐረርም ከእኛ በኩል ካለው ቆላ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ውሃ ለመሳብ ተገደደች። ኋላም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዝናሙ በረከተ፣ በዙሪያው ባሉት ኮረብቶች ላይ የእርከንና የችግኝ ሥራ ተሠራ፣ ውሃው ተመልሶ መተኛት ጀመረ።

ከውይይታችን ተካፋዮች ብዙዎቻችን በዚህ ወሬ ደስ ብሎን «እንግዲህ ዳነ» ስንል፣ አንዱ ወንድማችን ዝም ብሎ ቆየና «የእኔ የትምህርት ቤት ወጪ የተሸፈነው አባቴ ከዚያ ሐይቅ አጠጥቶ በሸጠው ጫት ነው» አለን። ሁላችንም ጸጥ አልን። አባቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹን ሊያሳድግ ጥቂት ውሃ ወሰደ፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። እያንዳንዱ ጥቂት ወሰደ፣ ሐይቁ ግን ሁሉንም አጣ። የኖርዌይን ዓሣ የገደለው የባሕር ማዶ የፋብሪካ ሠራተኛም ያንን ዓሣ በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ስለዚህ እኛ የደረስንበት መልስ ይህ ነው። ጥፋትን መተው የመጀመሪያው ደረጃ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ጢሱ ሳይቆም ኖራ መበተን ከንቱ ድካም ነው፤ ጢሱ ከቆመ በኋላ ደግሞ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ዕዳን ለተበደለው ማሸከም ነው። ጥፋቱን በገዛ እጁ ያልሠራው ልጅ እንኳ በጥቅሙ ካደገ ከዕዳው ድርሻ አለው። ያ ወንድማችንም የተናገረው አባቱን ለመወንጀል ሳይሆን ድርሻውን ለመቀበል መሆኑን ገልጾልናል።

በሐረማያ ውሃው ስለተመለሰ ሞተሩም ሊመለስ ይችላል። የተመለሰ ውሃ የተሰረዘ ዕዳ መስሎ ከታየን ሁለተኛው መድረቅ ሩቅ አይደለም። እኛም በዋሂል ኮረብታ ላይ እርከን ሲሠራ አካፋ ይዘን እንውጣ፤ የቀዳነውን ውሃ ሁሉ የእኛ ብቻ አድርገን አንቁጠረው። ውሃ ሲሞላ መጠንቀቅ ሲደርቅ ከማልቀስ ይሻላልና።