ኒካሕህ እውነት ነው ወይ?

 

የዛሬው ርዕሳችን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ኡስታዝ፣ ባለቤቴ አሜሪካ ነው ያለው። ኒካሓችን እውነተኛ ነው፤ ወልይ አለ፣ ምስክር አለ፣ መህርም ተከፍሏል። ግን ለኢንተርቪው ማስረጃችሁ ያንሳል ተባልን። ትንሽ ብንጨምርበት ወንጀል አለው?»

«ሐራም ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ የከበደ ነው። ጠያቂዋ የሌለ ትዳር ልትፈጥር አይደለም፤ ያለውን እውነት በውሸት ልታስጠብቅ ነው። እውነት በውሸት ይጠበቃል ወይ?

መጀመሪያ ኢንተርቪው የሚባለው ነገር ምን እንደሚፈልግ እንወቅ። በትዳር በኩል ግሪን ካርድ የሚያመለክት ሰው አሜሪካ ውስጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ጋር በኢሚግሬሽን ቢሮ ይቀርባል፤ አዲስ አበባ ካለ ደግሞ በኤምባሲው ቆንስላ። እውነት ሊናገር ይምላል። ከዚያ ይጠየቃል፦ የት ተዋወቃችሁ? ኒካሑ ላይ እነማን ነበሩ? ጠዋት ቀድሞ የሚነሳው ማን ነው? ኪራዩን ማን ይከፍላል? ጥርጣሬ ካለ ባልና ሚስቱን ለየብቻ አስገብተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቋቸውና መልሳቸውን ያስተያያሉ። ነዋሪነቱ ሲሰጥ ትዳሩ 2 ዓመት ካልሞላው ካርዱ የ2 ዓመት ብቻ ይሆናል፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥም ሁለቱ አብረው እንደገና ማመልከት ይጠበቅባቸዋል። ይህን አሠራር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የጋብቻ ማጭበርበር ሕግ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግን ለማምለጥ ብሎ አውቆ ያገባ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥያቄ ምን ፍለጋ ነው? እ.ኤ.አ. በ1953 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ አይቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ የቀድሞ ወታደሮች ፓሪስ ሄደው ጋብቻ ፈጸሙ፤ ዓላማቸው ያገቧቸውን ሰዎች አሜሪካ ማስገባት ብቻ ነበር፤ አብሮ የመኖር ሐሳብ አልነበራቸውም። ፍርድ ቤቱ ጋብቻው በፈረንሳይ ሕግ ይጽና አይጽና ቁም ነገሩ እዚያ ላይ አይደለም አለ፤ ያየው አብረው ሊኖሩ አስበው እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። ዛሬም ዋናው መለኪያ ይኸው ነው፦ በተጋባችሁበት ቀን አብራችሁ ሕይወት ልትመሠርቱ አስባችሁ ነበር ወይ?

ይህን ጥያቄ እኛ እናውቀዋለን። ስሙ ኒያ ነው። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ የሐፈዝነው የኒያ ሐዲስ የሚያነሳው ምሳሌም ስደትና ትዳር ነው፤ አንዱ ለአላህና ለመልእክተኛው ይሰደዳል፣ ሌላው ሊያገባት ለፈለጋት ሴት። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ አንዳንዱ ለስደት ሲል ያገባል።

እዚህ ላይ ወጣቶች የሚጨነቁበት ነገር አለ። «ሳገባት አሜሪካ መሄዱም ልቤ ውስጥ ነበር፤ ኒካሔ ተበላሸ እንዴ?» ይላሉ። አይዟችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴት ልጅ ለሀብቷ፣ ለዘሯ፣ ለውበቷና ለዲኗ እንደምትገባ ነግረውናል፤ ዲን ያላትን ምረጡ ብለው መከሩን እንጂ ሌላው ምኞት ልብ ውስጥ ገብቷልና ኒካሑ ፈረሰ አላሉም። ጥቅም ከትዳር ጋር መምጣቱና ትዳሩ የጥቅም መጠቅለያ መሆኑ ይለያያሉ። መለያ ጥያቄው አንድ ነው፤ ማታ ለብቻህ ስትሆን ራስህን ጠይቅ፦ ነገ ካርዱ ቢከለከል እሷ ሚስቴ ሆና ትቀጥላለች? «አዎ» ካልክ ሚስትህ ናት። ዝም ካልክ መኮንኑ ሳይጠይቅህ በፊት መልሱን አግኝተኸዋል።

የወረቀት ጋብቻን በተመለከተ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። አገር ቤት ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ «በወረቀት ብቻ እንፋታ፣ እዚያ አንዷን ላግባ፣ ኋላ አመጣችኋለሁ» የሚል ባል አለ። ወንድሜ፣ ኒካሕ፣ ፍቺና የፈታናትን መመለስ በቀልድ ቢነገሩ እንኳ እንደ ቁም ነገር እንደሚያዙ በሐዲስ ተነግሮናል። ያ የፈረምከው ፍቺ ምን እንዳስከተለ ለዓሊም ሳታቀርብ እንደ ፎርም መሙላት አትለፈው። ልጆችህን አቅፋ የምትጠብቅህ ሴት ሚስትህ ትሁን አትሁን አለማወቅህ ራሱ በደል ነው። ወዲያ ማዶ ያለችውም ሰው ናት እንጂ ድልድይ አይደለችም።

አሁን ወደ እህታችን እንመለስ፤ ኒካሓቸው እውነት ወደሆነው። የእነሱ ችግር ይገባኛል። መኮንኑ ልብ ማየት አይችልም፤ የሚያየው ወረቀት ነው። የጋራ የባንክ ሂሳብ፣ የኪራይ ውል፣ ፎቶ፣ የስልክ መልእክት ይፈልጋል። የእኛ ኒካሕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ያለ ካሜራ ይታሰራል። ከኒካሕ በፊት አብሮ መዝናናት የለም። ብሩም በመንገደኛ እጅ ይላካል፤ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ እውነተኛው ትዳር ማስረጃ አልባ ሆኖ ሲቀርብ፣ ደላላ ያዘጋጀው የውሸት ትዳር ወፍራም አልበም ይዞ ይገባል። ይህ ያማል።

ከዚህ ሕመም የሚነሱት ክርክሮችም ቀላል አይደሉም። አንዳንዱ «በባልና ሚስት መካከል ውሸት ተፈቅዷል» ይላል። እውነት ነው፣ ሐዲሱ አለ። ነገር ግን እሱ ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ልብን ለማለስለስ ስለሚባባሉት ነው፤ ሁለቱ ተባብረው ሦስተኛ ሰው ፊት ስለሚምሉት አይደለም።

ሌላው ጠለቅ ያለ ነው። ኢማሙል ገዛሊ ከዚያም ኢማሙ ነወዊ፣ የተፈቀደ ዓላማ በእውነት ሊደረስበት ካልተቻለና በውሸት ብቻ የሚገኝ ከሆነ ውሸቱ ሊፈቀድ እንደሚችል ጽፈዋል። «ታዲያ ባልና ሚስትን ማገናኘት መልካም ዓላማ አይደለም?» ይባላል። ነው። ግን ቅድመ ሁኔታውን እንይ፦ በእውነት የሚደረስበት ከሆነ ውሸቱ ሐራም ነው። እዚህ እውነቱ መቼ ተሞከረ? «ከኒካሕ በፊት ለብቻችን አልተቀመጥንም፣ ዲናችን ስለማይፈቅድ፤ ፎቶ የሌለን ለዚህ ነው» ማለት ይቻላል። ኒካሑን የሰሙ ሰዎች ምስክርነታቸውን በጽሑፍ መስጠት ይችላሉ። የማታስታውሱትን «አላስታውስም» ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ጉዳዩ ተራ ንግግር አይደለም፤ መሐላ አለበት። አውቆ በውሸት መማልን ዑለማኦቻችን «የሚን ገሙስ» ይሉታል፤ ባለቤቱን ወንጀል ውስጥ ስለሚያጠልቀው። የተማለለት ሰው ሙስሊም አለመሆኑም ነገሩን አያቀለውም። አንድ አገር በቪዛ ወይም በነዋሪነት የሚገባ ሰው ቃል ኪዳን ይዞ ነው የሚገባው፤ ሙእሚን ደግሞ ቃሉን የሚጠብቀው ለማንም ነው።

ውሸት ለእውነት ምን እንደሚያደርገው አስቡ። እውነተኛ ኒካሕ ያለው ሰው አሥር እውነት ተናግሮ አንድ ውሸት ሲጨምርበት፣ ያቺ አንዷ ከተያዘች አሥሩንም ይዛ ትወድቃለች። ባትያዝ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሰው እንደሆኑና በሚሰሙት እንደሚፈርዱ፣ በአንደበቱ ጉልበት የወንድሙን ሐቅ የወሰደ ሰውም የወሰደው የእሳት ቁራጭ እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። የእርሳቸው ፍርድ እንኳ ሐራምን ለወሳጁ ሐላል ካላደረገ የአንድ መኮንን ማህተም እንዴት ያደርጋል?

ከቢሮው ሲወጡ ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው። እሱ ሚስቱ ዓይኗን ሳትሰብር በመሐላ ስትዋሽ ሰምቷል። እሷም ባሏን ሰምታለች። ከዓመታት በኋላ አንድ ማታ አርፍዶ ገብቶ «ወላሂ ሥራ ቦታ ነበርኩ» ሲላት ምን ታስታውሳለች? ካርዱ ይታደሳል፤ መተማመን ግን የሚታደስበት ቢሮ የለም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ብድርን በጽሑፍ ስለማስፈር የወረደ ነው። ለገንዘብ ይህ ከታዘዘ ለኒካሕ ማስመዝገብ አይበዛም። ኒካሓችሁን በዕለቱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም በክብር መዝገብ አስመዝግቡ። የምስክሮቹን ስምና ስልክ ያዙ። ብር ስትልኩ ደረሰኝ በሚሰጥ መንገድ ላኩ። ለሚያማክራችሁ ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ እንጂ መልስ አስጠንቶ ለሚሸጥ ደላላ ገንዘባችሁን አትስጡ። ተለማመዱም፤ ግን የምትለማመዱት እውነቱን ይሁን። እሱ የእናትሽን ስም፣ አንቺ የሚሠራበትን ሰዓት ካላወቃችሁ ችግሩ የኢንተርቪው አይደለም፤ በሩቅ እየኖራችሁ አልተዋወቃችሁምና ደውሉ፣ ተጨዋወቱ።

እውነት ተናግራችሁ ብትዘገዩስ? ሊሆን ይችላል። እውነት የተናገረ ሁሉ በዚያው ቀን ይፈቀድለታል ብዬ አላታልላችሁም። መለያየቱ ይከብዳል፤ ልጅ አባቱን በስልክ ብቻ እያወቀ ሲያድግ ማየት ይከብዳል። ያ መዘግየት ግን ሰብር የሚደረግበት ነው፤ አጅርም አለው። በውሸት መሐላ ላይ ሰብር የለም፤ ያለው ተውበት ነው።

መኮንኑ «ትዳራችሁ እውነት ነው?» ብሎ አንድ ቀን ይጠይቃል። በየውሙል ቂያማ ደግሞ የልብን የሚያውቀው ጌታ ይጠይቃል። ለሁለቱም አንድ መልስ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

አላህ የተለያዩትን በሐላል ያገናኛቸው፣ ምላሳችንን በሐቅ ላይ ያጽናው። አሚን።