የጉዞ ጓደኝነት፦ ቆሻሻውን የሚደፋው ማን ነው?

 

አንድ ሰው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘንድ ቀርቦ ስለሌላ ሰው ደግነት በመሰከረ ጊዜ፣ ዑመር ጎረቤቱ እንደሆነ፣ በገንዘብ አብሮት ሠርቶ እንደሆነ፣ አብሮትም ተጉዞ እንደሆነ ጠየቁት ተብሎ ተዘግቧል። ሰውየው ሦስቱንም እንዳላደረገ ሲናገር፣ እንግዲያው ሰውየውን እንደማያውቀው ነገሩት። መስጊድ ውስጥ ሲሰግድ ማየት ብቻ አልበቃቸውም። ዑለማዎችም በዐረብኛ ጉዞ «ሰፈር» መባሉ የሰውን የተሸፈነ ጠባይ ስለሚገልጥ ነው ይላሉ። በእኛ አማርኛ ደግሞ ሰፈር ማለት ሰው ሰፍሮ የሚኖርበት ቦታ ነው። ባለፈው ሐምሌ ሁለቱም ሰፈሮች በአንድ ላይ ገጠሙኝ፤ የተጓዝንበት መኪና ራሱ ቤት ነበርና።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። ከአራት ወንድሞች ጋር ሆኜ «አር ቪ» የሚባለውን የቤት መኪና ተከራይተን ወደ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ተጓዝን። ፓርኩ በ1872 እ.ኤ.አ የተከለለ፣ ፍል ውሃው ከመሬት ወደ ሰማይ የሚፈነዳበት፣ የአላህን ሥራ ዓይቶ ሱብሃነላህ የሚባልበት አገር ነው። ከሚኒያፖሊስ እስከዚያ ያለው መንገድ 1,600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መኪናው መኝታ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት አለው። ከሆዱ ሥር ሦስት ታንከሮች ተገጥመውለታል፤ አንዱ ንጹህ ውሃ የሚያዝበት፣ ሁለተኛው የእቃና የገላ እጣቢ የሚጠራቀምበት፣ ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው። ይህን ሦስተኛውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ከመነሳታችን በፊት የጉዞ ዱዓችንን አደረግን። በሱረቱ ዙኽሩፍ እንደምናገኘው፣ መጓጓዣውን የገራልን አላህ መሆኑንና እኛ በራሳችን አቅም የምንችለው እንዳልነበር፣ መመለሻችንም ወደ እርሱ መሆኑን አስበን ተነሳን። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውም ትዝ ብሎን መረጥን። የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ምክንያቱ ቁርኣን ከእነርሱ የተሻለ ስለምቀራ ነው እንጂ ሰው የማስተዳደር ችሎታ ታይቶብኝ አይደለም፤ ይህም ቆይቶ ተገለጠ።

የመጀመሪያው ክርክር የመጣው በደቡብ ዳኮታ ሜዳ ላይ ነው። የድሬዳዋው ወንድማችን እንደ አብዛኛው የምሥራቁ ሰው በሻፊዒ መዝሀብ ያደገ ስለሆነ ዙህርና ዐስርን በአንድ ጊዜ አጣምረን እንስገድ አለ። የወሎው ወንድማችን ደግሞ ሐነፊ ነው፤ በሐነፊ መዝሀብ ከሐጅ ውጪ አንዱን ሶላት ወደ ሌላው ወቅት ወስዶ ማጣመር የለም። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አልሐምዱ ሊላህ፣ እዚህ ላይ መፍትሔ አልጠፋም። ዙህርን እስከ ወቅቱ መጨረሻ አቆይተን፣ ዐስርን በወቅቱ መግቢያ መስገድ ለሁለቱም ይሆናል፤ መኪናውም የሚቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቂብላውንም ቢሆን፣ ከሚኒሶታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስንሰግድ የነበርነው ወደ ምዕራብ በገፋን ቁጥር ይበልጥ ወደ ሰሜን እየዞረ መሄዱን አስተውለን ተግባባን። በመኪናው ውስጥ እየሄድን ፈርድ ልንሰግድ አላሰብንም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጓጓዣቸው ላይ ሆነው ሱና ይሰግዱ እንደነበር፣ ለፈርድ ግን ይወርዱ እንደነበር እናውቃለን። በየመንገዱ ማረፊያ ሳር ላይ ሸራ አንጥፈን ስንሰግድ የጭነት መኪና ሾፌሮች ዝም ብለው ያዩን ነበር። ክፉ የተናገረን አልነበረም።

ውሃ ግን አስቸገረን። አምስት ሰው በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ ሲያደርግ፣ ቧንቧውንም እንደ ቤቱ ከፍቶ ሲተው፣ ንጹሁ ታንከር በአንድ ቀን ተኩል ባዶ ይሆናል፤ የእጣቢውም ይሞላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት መዳፍ ገጥሞ በሚይዘው፣ ከሊትር ባነሰ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር ለወንድሞቼ አስተማርኩ። ማስተማሩ ለእኔ ቀላል ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ታንከር እንመለስ። የሽንት ቤቱ ታንከር በየሁለት ቀኑ ገደማ መደፋት አለበት። ለዚህ የተሠሩ የፍሳሽ መድፊያዎች በነዳጅ ማደያዎችና በድንኳን መትከያ ሜዳዎች አሉ። ሥራው ጓንት አድርጎ፣ ወፍራሙን ቱቦ ከመኪናው ሆድ ከመሬቱ ጉድጓድ ጋር አገናኝቶ፣ መክፈቻውን መሳብ ነው። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ ይለቀቃል፤ ቀጥሎ የእጣቢው ውሃ ሲለቀቅ ቱቦውን አጥቦት ይወጣል። የዚህን ቅደም ተከተል ያወቅነው ሁላችንም አልነበርንም። ያወቀው ከመካከላችን አንድ ወንድም ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን እርሱ ሠራው፣ በሦስተኛውም ቀን እርሱ ሠራው፣ ከዚያ በኋላ ማን ይሥራው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መኪናው ሲቆም ጓንቱን ይዞ ይወርዳል። እኛ ሻይ እናፈላለን።

ይኸው ወንድም ምግብ ቤት በገባን ጊዜም ሻይ ብቻ ያዛል። ጠግቤያለሁ ይላል። እኛም ዙህድ ነው አልን፤ አላህ ይቅር ይበለን።

በአራተኛው ምሽት በዋዮሚንግ ተራሮች ግርጌ አደርን። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ዘግይታ ስለሆነ ዒሻን የሰገድነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ከሶላት በኋላ እንደ ልማዴ አጭር ትምህርት ሰጠሁ። የመረጥኩት አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ ነው። ሶሓቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በጣም በሞቃት ቀን ሲጓዙ ከፊላቸው ጾመኛ፣ ከፊላቸው ያልጾመ ነበር። ማረፊያ ሲደርሱ ጾመኞቹ ከድካም የተነሳ ወደቁ፤ ያልጾሙት ግን ተነስተው ድንኳን ተከሉ፣ እንስሳቱን አጠጡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የዚያን ቀን አጅር ያልጾሙት እንደወሰዱት ተናገሩ። ይህን ካወሳሁ በኋላ ወደዚያ ወንድም በእጄ እያመለከትኩ፣ በእኛም መካከል አጅሩን ጠቅልሎ የወሰደ ሰው አለ አልኩ። ሁሉም ማሻአላህ አሉ። እርሱ ግን አንገቱን ደፋ። ትሕትና መሰለኝ።

ሌሊት ከመኪናው ውጪ አገኘሁትና ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። ብዙ አመነታ። ከዚያ ነገረኝ። ከመነሳታችን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከሥራ ተቀንሷል። የኪራዩን ድርሻ ግማሹን ብቻ ለገንዘብ ያዣችን ሰጥቶ ቀሪውን በኋላ እከፍላለሁ ብሏል። በየነዳጅ ማደያው እኛ ተራ በተራ ስንከፍል እርሱ ተራው እንዳይደርስ ይፈራ ነበር፤ ያ መኪና በአንድ ጋሎን ነዳጅ 10 ማይል እንኳ አይሞላም። «በገንዘብ ያልሞላሁትን በጉልበት ልሙላ ብዬ ነው እንጂ አጅር አስቤ አይደለም። አንተ ግን በሰው ፊት አመሰገንከኝ» አለኝ።

አንባብያን ሆይ፤ እኔ አሚር ነበርኩ። ሐዲሱ ትክክል ነበር፤ ያነሳሁበት ቦታ ግን ትክክል አልነበረም። ማገልገል አጅር አለው እያልን አገልግሎቱን ሁሉ ለአንድ ሰው መተው፣ ራሳችንን ከዚያ አጅር አውጥተን በእርሱ ጫንቃ ላይ መቀመጥ ነው። በበድር ዘመቻ ግመሉ አንሶ ለሦስት ሰው አንድ ግመል ይደርስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ ዐሊይና አቡ ሉባባ (ረ.ዐ) አንዱን ግመል በተራ ይጋሩ ነበር። የመሄድ ተራው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሆን ሁለቱ ስለ እርሳቸው ሊሄዱላቸው ለመኑ። እርሳቸው ግን በጉልበት ከእርሳቸው እንደማይበልጡ፣ እርሳቸውም ከአጅሩ እንደማይብቃቁ ነግረዋቸው ተራቸውን በእግራቸው ሄዱ። የአላህ መልእክተኛ ተራቸውን ካላሳለፉ፣ ቱቦውን ከመያዝ እኔን ያዳነኝ ምኔ ነው? ድምፄ ማማሩ ነው?

የገንዘቡም ነገር ቢሆን ከቤት ሳንወጣ የሚያልቅ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አሽዐሪዮችን ያመሰገኑት በዘመቻ ላይ ስንቃቸው ሲመናመን ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ሰብስበው በእኩል ስለሚካፈሉ ነው። እኛ ደግሞ እያንዳንዱን ዶላር በስልካችን ላይ እየመዘገብን፣ ማን ስንት ከፈለ የሚለውን ለአምስታችንም በየምሽቱ እየላክን ነበር። ሒሳብ መያዙ ነውር አይደለም፤ ዕዳ እንዲጻፍ ቁርኣን ራሱ ያዛል። ነገር ግን የሌለው ሰው በየምሽቱ ጉድለቱን እያነበበ እንዲተኛ ማድረግ ከአሽዐሪዮች መንገድ የራቀ ነው። ከመነሳታችን በፊት እያንዳንዱ አቅሙን ለአንድ ሰው ብቻ በምስጢር ነግሮ፣ ያለው ያለውን አዋጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ክፍያ ባይነሳ ኖሮ ያ ወንድም ምሳ ይበላ ነበር። አሚር የሚሾመውም ይህን እንዲጠይቅ ነው እንጂ ኢማም ሆኖ እንዲያሰግድ ብቻ አይደለም።

በማግሥቱ ለሌሎቹ ምስጢሩን ሳላወጣ ሁለት ነገር ብቻ አልኩ፦ ከዛሬ ጀምሮ የስልኩ ምዝገባ ይቁም፣ የመድፊያውም ሥራ በተራ ይሁን፤ የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው። የወሎው ወንድማችን ቀድሞ የገባው ይመስለኛል፤ ምንም ሳይጠይቅ የዚያን ቀን ነዳጅ ከፈለ፣ ምሳም ለአምስት ሰው አዘዘ።

እኔም በመመለሻችን ሚዙሪ ወንዝ ሳንደርስ ጓንቱን አድርጌ ወረድኩ። ቱቦው በደንብ ሳይገጥም መክፈቻውን ሳብኩት። የሆነውን ማተት አያስፈልግም። ያ ወንድም ሮጦ መጥቶ ዘጋውና ከመነሳታችን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ቱቦው እንዴት ተሽከርክሮ እንደሚገጥም አሳየኝ። ታጥቤ ልብሴን ቀይሬ ዐስርን በእርሱ ኢማምነት ሰገድን። ጫማዬ ግን እዚያው ቀረ።